ሙዳዩ ውስጥ የቀረው ባዘቶ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል እስክጨርስ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፉትን እገለብጥ ነበር እንጂ ከራሴ አውጥቼ አንድ መስመር አልጻፍሁም። በአፌም ቢሆን ንግግር አይሆንልኝም። ሰው በተሰበሰበበት ስሜ ከተጠራ ላብ ያጠምቀኛል፤ ምላሴም ይተሳሰራል። ይህን የምጽፈው የደብራችን አጥማቂ አባ ተክሌ ስላዘዙኝ ነው።

«አንጓች፣ ሂጂ ካልሽ ሂጂ፤ አልይዝሽም» አሉኝ። «ነገር ግን በአንቺ ቦታ የምትመጣው ልጅ ምኑን ከምኑ ታድርገው? እማሆይ ያስተማሩሽን ሁሉ ይዘሽው ልትሄጂ ነው?»

ደብተርና እርሳስ ሰጡኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ አድርጊ፣ እንዲያ አታድርጊ ብዬ መጻፍ አልችልበትም። የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ። እህቴ፣ ስምሽን ገና አላውቀውም፤ አንቺ የሚጠቅምሽን ለይተሽ ውሰጂ። ደብሩንም በስም አልጠራውም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ከፍኖተ ሰላም የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው፤ ጠበሉ ከታች፣ የሴቶቹ ቤት ከወይራው ጀርባ።

እዚህ ሰባት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ በፊት ቡሬ በአንድ ነጋዴ መጋዘን በርበሬ ለቃሚ ነበርሁ። ሴቶች ክብ ሠርተን እንቀመጥና ከዛላው ላይ እንጨቱን እንቀነጥሳለን፤ የነጣውን ከቀላው እንለያለን። ቀኑን ሙሉ ሳል ነው። ጭነት ሊወስድ የመጣ ሾፌር ሁሉ በሩ ላይ እያነጠሰ ሲሳደብ የምንስቀው ሳቅ ብቻ ነበር የምናርፍበት። እጄን አሥር ጊዜ ብታጠብም ዓይኔን መንካት አልችልም ነበር።

ከጎኔ ሙሉ የምትባል ልጅ ትቀመጥ ነበር። አንድ ሰሞን ከከረጢቶቹ ውስጥ ሰው ይጠራኛል ማለት ጀመረች። መጀመሪያ ሳቅንባት። አንድ ቀን ግን ተነሥታ፣ የሚጠራትን ሰው ላውጣው ብላ የተሰፋውን ከረጢት ሁሉ እየቀደደች ዘረገፈችው። ወንዶቹ በከረጢት ገመድ አሰሯት። ወገኖቿ ከዓባይ ማዶ ናቸው፤ ቡሬ ውስጥ ዘመድ የላትም። «ጠበል ማን ይውሰዳት?» ሲባል ሁሉም መሬት መሬት አየ። እኔም መሬት አየሁ፤ ግን ለእሷ የምቀርበው እኔ ነበርሁ። በበርበሬው መኪና ላይ ተጭነን እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያ በእግር ወደዚህ መጣን።

እማሆይ ወለተ ሐናን ያን ቀን አየኋቸው። የሴቶቹን ቤት የሚጠብቁ መነኩሲት ነበሩ፤ አጭር፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው። ከበሩ ወጥተው መጡ፤ ከእኛ ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው ቆመው «እህህ» ብለው ሳሉ። ከዚያ ሙሉ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ዝቅ ብለው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት፣ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ወለተ ሐና እባላለሁ። ከመንገድ ነው የመጣሽው፤ ደክሞሻል። ውኃ ላምጣልሽ ወይስ ገመዱን ላላላልሽ?»

ሙሉን ከታሰረች ሦስት ቀን ማንም ምንም ጠይቋት አያውቅም ነበር። ስናዝዛት፣ ስንጎትታት፣ ስናለቅስላት ነው የቆየን። ቀና ብላ አየቻቸውና «ውኃ» አለች። ውኃውን ጠጥታ ስትጨርስ እጇን ራሷ ዘረጋችላቸው።

አርባ ቀን አብሬያት ቆየሁ። ሙሉ ዳነች፤ ወገኖቿም መጥተው ወሰዷት። እኔ ልሄድ ጓዜን ሳስር እማሆይ «አንቺ ወዴት?» አሉኝ።

«ወደ በርበሬው ነዋ፣ እማሆይ።»

«እጅሽ ሥራ ያውቃል። አፍሽም አይቸኩልም። እዚህ ብትቀሪስ?»

ዝምታዬን የሚያመሰግን ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ቀረሁ። ደብሩ ከሚሰጠኝ ቀለብና ጥቂት ብር ይልቅ ያቺ ምስጋና ነበረች ያስቀረችኝ። ኋላ ያቺው ዝምታዬ ምን እንዳደረገች እጽፋለሁ።

እማሆይ በዚህ ቤት ያሉትን «እብድ» ብለው አያውቁም። «እንግዳ» ነው የሚሏቸው። በሩ ላይ ሳይስሉ፣ ስማቸውን ሳይናገሩ፣ «ልግባ?» ሳይሉ አይገቡም፤ የምትጮኸውንም ቢሆን። «ገመድ ላይ ያለች ሴት ያላት በሯ ብቻ ነው» ይሉኝ ነበር። ዘመድ በጠፍር አስሮ ሲያመጣ መጀመሪያ ሁለት ጣታቸውን በጠፍሩና በገላዋ መካከል ያስገባሉ። ሁለት ጣት ካልገባ ያላሉታል፤ የቆሰለውን ቅቤ ይቀቡታል። ሲፈቱም ከፊት ቆመው አይፈቱም፤ ከጎን፣ ዝቅ ብለው፣ «አሁን የግራውን ልፈታ ነው» እያሉ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?» ብለውም አይጠይቁም። «ላማችሁ ወልዳለች?» ይላሉ። «ዘንድሮ ዳጉሳው እንዴት ነው?» ይላሉ። ስለ ላሟ የመለሰች ሴት ቀስ በቀስ ስለ ራሷም ትመልሳለች። አንዷ ድምፅ ሰማሁ ብላ ስትንቀጠቀጥ «የለም፣ ውሸት ነው» አይሏትም፤ «አዎ፣ እኔም ሰማሁ» ብለውም አይዋሿትም። «እኔ አልሰማሁትም። አንቺ ከሰማሽው ግን ያስፈራል። አብሬሽ ልቀመጥ?» ነው የሚሏት። ይህን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

እኔ ከራሴ ያመጣሁት አንድ ነገር ነው፤ እሱም ከበርበሬው ቤት የመጣ ነው። እጅ ሥራ ሲይዝ ልብ እንደሚያርፍ አውቅ ነበር። ከገበያ ጥጥ እያመጣን ነድፌ ባዘቶ አደርገዋለሁ፤ ለመፍተል ለበቃችው ሁሉ በየሙዳይዋ ሞልቼ ከእንዝርት ጋር እሰጣታለሁ። ልማዱም እንዲህ ሆነ፤ ድና የምትሄድ ሴት ባዘቶዋን ጨርሳ፣ ፈትሉን ጠቅልላ፣ እንዝርቱን ለቤቱ መልሳ ትሄዳለች። ፈትሉ ራሱ ያወራኝ ነበር። የከፋት ቀን ይጎረብጣል፣ ይበጠሳል፤ ሲቀልላት ይቀጥናል። እማሆይ «የአንቺስ ጠበል ይሄ ነው» ብለው ይስቁብኝ ነበር።

ገበሬው አዲሱን ግብር አልከፍልም ብሎ ግርግር በተነሣበት ጊዜ እንግዶቹ በዙ። ከገጠሩ የሚመጣው ሁሉ ወይ የተቃጠለ ቤት ወይ የሞተ ሰው አለው። ይርገዱ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው።

ይርገዱ ከደምበጫ ወዲህ ካለ ገጠር ነው ወንድሟ ያመጣት። ሁለት ልጆች በአንድ ሳምንት በሽታ ወስዶባታል። አትጮኽም፣ አትሳደብም፤ አትበላም፣ አትናገርም። ስድስት ሳምንት እግሯ ሥር ተቀመጥሁ። ስለ ላም ጠየቅኋት፤ አልመለሰችም። በሰባተኛው ሳምንት እንዝርቱን አነሣች። ፈትሏ እንደ ገመድ የወፈረ ነበር፤ እኔ ግን ወርቅ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

እማሆይ ለእኅታቸው ተዝካር ወደ ቡሬ ሄደው ነበር። በዚያው ሳምንት ይርገዱ ተለወጠች። በላች። ፈገግ አለች። ቅዳሜ ታጥባ፣ ተቀብታ፣ በየሰዉ እግር እየወደቀች «ይቅር በሉኝ» አለች። ነጠላ ለሌላት ነጠላዋን፣ ማበጠሪያዋንም ለአንዷ ልጅ ሰጠች። እንደምታውቂው ሰው ሊቆርብ ሲል ይቅርታ ይጠይቃል፤ ያለውን ይመጸውታል። ሴቶቹ እልል አሉ። አባ ተክሌም ደስ ብሏቸው «ነገ ትቆርባለች፤ ወንድሟም ይምጣ» ብለው መልእክት ሰደዱ።

ወደ እኔ መጥታ እንዝርቱን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ጠርጋዋለች። ሙዳይዋን ከፍቼ አየሁ፤ ባዘቶው ከግማሽ በላይ አለ።

ድና የምትሄድ ሴት ባዘቶዋን ትጨርሳለች፤ ካልጨረሰች ደግሞ እንዝርቱን ለምን ትመልሳለች? ይህን አሰብሁ። አባ ተክሌ ከካህናቱ ጋር ቆመው ነበር። አሥር እርምጃ ያህል ሄድሁ። «አባ» ልል አፌን ከፈትሁ። ካህናቱ ዞረው ሲያዩኝ ምላሴ ተሳሰረ። «ምን ነበር?» አሉኝ። «ምንም» አልሁ።

እሑድ ቅዳሴ ሲገባ በሴቶቹ በኩል አልነበረችም። በወንዙ በኩል ወርደው አገኟት። አባ ተክሌ «እግሯ አዳልጧት ነው» አሉ፤ ፍትሐትም ተፈታላት። እግሯ እንዳላዳለጣት እኔ አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቁ ነበር።

ወንድሟ በማግስቱ ጠዋት ደረሰ። ምንም አልሰማም። ወደ ቤቷ የሚወስዳት መስሎት በቅሎ ጭኖ ነው የመጣው። ለእኔም እናቷ የላከችልኝን ማር በገንቦ ይዟል። «አንጓች የምትባለው አንቺ ነሽ? እናታችን እግሯን ሳምልኝ ብላኛለች» አለኝና ጎንበስ አለ። ገንቦውን ታቅፌ ቆምሁ። የነገሩት ሌሎች ናቸው፤ እኔ እንደ ልማዴ ዝም አልሁ።

እማሆይ ሲመለሱ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ከጎኔ ተቀመጡና «ምን አየሽ?» አሉኝ። እንዝርቱን ነገርኋቸው።

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም።»

ከዚያ «ከዛሬ ጀምሮ ቀን በቀን፣ ከሠርክ ጸሎት በፊት፣ ቆመሽ ያየሽውን ትነግሪኛለሽ። ያሰብሽውን አይደለም፤ ያየሽውን። ድምፅሽ እስከ ወይራው ይሰማ» አሉኝ።

እንዲህ ሆነ። «እገሊት ዛሬ እህሏን ለውሻው ሰጠች። እገሊት ፈትሏ ጎረበጠ።» እሳቸው ወይራው ሥር ተቀምጠው «አልሰማሁም!» ይሉኛል። እንደገና እላለሁ። ሴቶቹ «የኛ ዲያቆን!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ሌላም ነገር አስተማሩኝ። «የፈራሽላትን ሴት በግልጽ ጠይቂያት፤ ልትሞቺ አስበሻል ወይ በያት። ብትጠይቂያት ሐሳቡን አንቺ አታመጪባትም። ካለ አለ። ብቻዋን እንዳትሸከመው ነው።» በአፌ ለመልመድ ይህ ከሁሉ ከበደኝ።

እማሆይ ከሦስት ዓመት በኋላ ዐረፉ። እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ በሩ ላይ ሳይስሉ አልገቡም። ቤቱ በእኔ ላይ ቀረ።

ጠጄ የመጣችው ከእሳቸው በኋላ ነው። የቡሬ ሴት ናት፤ ጠላ ሻጭ፤ አፏ ምላጭ። ከበርበሬው ቤት መምጣቴን በሰማች ቀን ስሜን ጣለችው። «አንቺ በርበሬ! ነይ ወዲህ፤ እስኪ ሳል አስሊኝ» ትለኛለች። «ይቺ በርበሬ ታዝዛ ነው እንጂ ወዳ አትናገርም» ትላለች። አባ ተክሌንም አትምርም፤ ጠበሉ ሲቀዘቅዛት «አባ፣ ሰይጣኑስ ወጣ፤ ብርዱን ማን ያውጣልኝ?» ብላ ሰውን ሁሉ ታስቃለች። ሲብስባት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሳምንት ትተኛለች። «ሰፈሬ ብመለስ እኮ ያቺ እብድ መጣች ነው የሚሉኝ» አለችኝ አንድ ጊዜ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

ዓመት ሊሞላት ሲል ቀና አለች። ባሏ አቶ ቢያዝን ሊወስዳት በቅሎ ይዞ፣ ሁለት ሽማግሌ ዘመዶቹን አስከትሎ መጣ። አባ ተክሌ ወይራው ሥር ተቀምጠው ሊመርቁ መስቀላቸውን አወጡ። ጠጄ በየሰዉ እግር እየወደቀች ይቅርታ ጠየቀች። የራስ ሻሿን ለአንዷ ሰጠች። እኔ ዘንድ ደረሰች።

«እመት አንጓች፣ ይቅር ይበሉኝ» አለችኝ።

በአንቱታ። በዕድሜ እናቴ የምትሆን፣ ዓመት ሙሉ በርበሬ ስትለኝ የኖረች ሴት። እንዝርቱን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ሙዳይዋን ከፈትሁ። ባዘቶው ሙሉ ነው።

ከፊቴ ያሉት አራት ወንዶች ናቸው። የይርገዱ ወንድም በቅሎ ጭኖ እንደ መጣ፣ ማሩም፣ ሁሉም መጣብኝ።

«አባ» አልሁ። አልሰሙኝም። «አባ።» አልሰሙም። የእማሆይ «አልሰማሁም!» ትዝ አለኝ። ወይራው ራሱ የተነቃነቀ እስኪመስለኝ «አባ!» ብዬ ጮኽሁ።

ሁሉም ዞረ። «ጠጄ ዛሬ አትሄድም» አልሁ።

«ምን ትላለች ይቺ?» አለ ታላቁ ሽማግሌ። «ድና ሳለች?»

«ያየሁትን ብቻ ልናገር።» እንደ ሠርኩ ጊዜ ቆሜ ነገርኋቸው። «ጠጄ አንቱ አለችኝ። ከሐሙስ ወዲህ በማንም ላይ አልቀለደችም። እንዝርቱን መልሳለች፤ ባዘቶዋ ግን አላለቀም።»

ሽማግሌው ሳቀ። «ጉድ ነው! በርበሬ ለቃሚዋ ሐኪም ሆነች? አክባሪ ሆነች ተብሎ ሴት ትታሰራለች? በሉ እኔም ሕልሜን ልንገራት፣ ትፍታልኝ!»

ሌላውም ሳቀ። አቶ ቢያዝን ግራ ገብቶት ልጓሙን ይዞ ቆሟል። አባ ተክሌ ግን አልሳቁም። እጄ ላይ ያለውን እንዝርት ያያሉ። ያን ጊዜ ይርገዱንም እሳቸው ነበሩ የቀበሯት።

«ዝም በሉ» አሉ። «አንጓች፣ የምታደርጊውን አድርጊ።»

ከጠጄ ፊት ሄድሁ። ከእሷ ዝቅ ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። «እትዬ ጠጄ፣ ልትሞቺ አስበሻል?» አልኋት።

ሽማግሌው «ኧረ በስመ አብ!» ብሎ አማተበ። እሷ ግን አላማተበችም።

«ማን ነገረሽ?» አለች በሹክሹክታ።

ከዚያ በኋላ ያለቀሰችውን ልቅሶ አልጽፈውም። «መንገድ ላይ ነበር ያሰብሁት» አለች። «ሰፈር ሳልደርስ። ያቺ እብድ መጣች ሳይሉኝ።»

አቶ ቢያዝን ልጓሙን ለቀቀው። እሱም መጥቶ ከጎኔ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ እንዴት እንደሚቀመጥ ማንም ሳያስተምረው። «እኔም ካላንቺ አልንቀሳቀስም» አላት። እንዳለውም አደረገ። ሽማግሌዎቹ በቅሎዋን ይዘው ሄዱ፤ እሱ ሦስት ወር እዚሁ ቆየ፤ የደብሩን አጥር አጠረ። ጠጄን ለብቻዋ አልተውናትም፤ ወይ እኔ፣ ወይ እሱ፣ ወይ ከሴቶቹ አንዷ። መፍተሉንም እንደገና ጀመረች። አንድ ቀን ከበሩ ላይ ሆና «ቢያዝን፣ ይሄ አጥር ነው ወይስ የጅብ በር?» ስትለው ስሰማ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሣሩ ላይ ተኛሁ። ሌሎች ደስታ ነው አሉ። እኔ ግን ድካም ነው የምለው።

እህቴ፣ የምሄደውም ስለዚሁ ነው። አባ ተክሌ «ያን ያህል ነፍስ አትርፈሽ?» አሉኝ። ጠጄ ስለተረፈች ይርገዱ አልተመለሰችም። ገበያ ስወጣ እንኳ የሻጩን እጅ፣ የገዢውን ዓይን እያየሁ ነው፤ ማን ምኑን ለማን እንደሰጠ እያየሁ ነው። ማቆም አልቻልሁም። ቡሬ አንዲት ሸማኔ ባል ያላት አክስት አለችኝ፤ ጥጥ እነድፍላታለሁ። ጥጥ ብቻ። ከእኔ የምትሻዪ ሁኚ፤ ደግሞም ሲደክምሽ እንደ እኔ ሰባት ዓመት አትጠብቂ፤ ተናገሪ።

ጠጄ ትናንት ጠዋት ሄደች። ቢያዝን መልሶ ባስመጣት በቅሎ ላይ ከወጣች በኋላ ልሰናበታት ቀረብሁ። ሙዳይዋን ከነባዘቶው በጉያዋ ይዛለች። እንዝርቱ የቤቱ ነውና ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። ወደ ኋላ ሸሸገችውና ከላይ ቁልቁል አየችኝ።

«አንቺ በርበሬ፣ እጅሽን ሰብስቢ! መች ጨረስሁና ነው የምመልስልሽ?»